እንቅልፍ ማጣትና የተማሪ ሐኪሞች ዝለት

ለመስቀል ጉብሬ ነበርኩ። ጉብሬን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የምትገኝ ከተማ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ስሟ ከእንሰቷ ባልተናነሰ በተማሪዎቿ ይነሳል። እኔ የሄድኩት ግን ስለ ዩኒቨርሲቲው ልጽፍ አልነበረም። እንደማንኛውም የጉራጌ ልጅ እናቴን ለመጠየቅ፣ የደንጌሳትን የጎመን ክትፎ ለመቅመስና ለሦስት ቀን ስልኬን ለመዝጋት ነበር።

የእህቴ ልጅም መጥቶ ነበር። ከዚህ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ኢንተርን ሐኪም ነው። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም፤ የምናገረው ነገር የአንድ ሆስፒታል ጉዳይ አይደለምና። ልጁ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ለማሳለፍ ከጓደኞቹ ጋር ዲውቲ ተለዋውጦ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሌሊት አድሮ፣ ያጠራቀማትን አምስት ቀን ይዞ ነው የመጣው። በደረሰ ዕለት ቦርሳውን ሳይፈታ ተኛ። በማግስቱ እስከ እኩለ ቀን አልነቃም። እናቱ ሦስት ጊዜ እየገባች ትንፋሹን አዳምጣለች።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ ውጭ ብወጣ ጀፎረው ላይ፣ ማለትም በመንደሩ ቤቶች ፊት ለፊት በተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ሲመላለስ አገኘሁት።

«ምነው? አልተኛህም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ እኮ። ጋደም ስል ስልኬ የጠራ ይመስለኛል።»

ዝም ብለን ጥቂት ከተራመድን በኋላ ሌላ ነገር ጨመረ። «ባለፈው አንድ በሽተኛ ሲሞትብኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የምሞላውን ወረቀት ነው። ሁለተኛ ያሰብኩት አልጋው መለቀቁን ነው። ሰውየው ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው። ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልነበርኩም።»

እውነትም አልነበረም። ገና ሁለተኛ ዓመት እያለ አንዲት እናት ዋርድ ውስጥ ስታለቅስ አይቶ አብሮ አልቅሶ ሲኒየሮቹ የሳቁበት ልጅ ነው።

ቤት ውስጥ የተሰጠው ምርመራ ብዙ ዓይነት ነበር። እናቴ «ዓይን ነው» አለች። አንድ ጎረቤት «ትምህርቱ ናላውን አዞረው» አለ። አባቱ ደግሞ ልጁ ከተማ ገብቶ መስነፉን፣ ለዚህም መድኃኒቱ ማለዳ ተነስቶ ሥራ መሥራት መሆኑን በቆራጥነት ተናገረ። እኔ ሐኪም ብሆንም በዚያች ሌሊት የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝም ይኸው ነው።

ዝለት ምንድን ነው?

ልጁ የነገረኝ ነገር በሙያው ቋንቋ በርንአውት ይባላል። በአማርኛ ሁላችንም የተስማማንበት ስም እስካሁን የለውም። እኔ ዝለት እለዋለሁ። ክንድ ሲሰበር ሰው ሁሉ ያያል፤ ሲዝል ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነውና።

ቃሉን ወደ ሙያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሰውየው ቀን በግል ቢሮው፣ ማታ ደግሞ ለድሆች በተከፈተ ነፃ ክሊኒክ ይሠራ ስለነበር የጻፈው ስለ ሌሎች ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ነው። በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን መለኪያ አወጡ። እንደ እርሳቸው አመዳደብ ዝለት ሦስት ገጽታዎች አሉት። አንደኛው የስሜት መሟጠጥ ነው፤ ሰውየው የሚሰጠው ነገር አልቆበታል። ሁለተኛው ሰውን እንደ ዕቃ ማየት ነው፤ «አቶ እገሌ» መባላቸው ቀርቶ «አልጋ ቁጥር 7» ይሆናሉ። ሦስተኛው የምሠራው ሥራ ዋጋ የለውም፣ እኔም አልረባም የሚል ስሜት ነው። የእህቴ ልጅ ጀፎረው ላይ ሁለቱን በራሱ አፍ ነግሮኛል፤ ሦስተኛውን የሰማሁት በነጋታው ቡና ላይ «ባልማር ይሻለኝ ነበር» ሲል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ዝለትን አካትቶታል፤ ያካተተው ግን በበሽታነት አይደለም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ይለዋል። እዚህ ላይ «ተማሪ ሠራተኛ ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በሕግ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ደም የሚቀዳው፣ ናሙናውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ቁስል የሚያጥበው፣ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ቆሞ የሚያድረው ማን እንደሆነ በመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሁሉ ያውቀዋል።

እንቅልፍ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን እንቅልፍን እንደ ባዶ ጊዜ እንቆጥረዋለን። በተለይ ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ «ተኝቼ አደርኩ» ማለት «አላጠናሁም» እንደማለት የሚቆጠር ኑዛዜ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

ጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ይህ ጊዜ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ዙሮች የተከፋፈለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ አካል የሚጠገነውና ቀን የተማርነው ነገር ተደራጅቶ መቀመጥ የሚጀምረው በእርሱ ነው። ወደ ንጋት ሲቃረብ ደግሞ ዓይን በሽፋሽፍት ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይረዝማል። የቀኑ ቁጣ፣ ሐዘንና ፍርሃት የሚበርደው በአብዛኛው በዚህኛው እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ሲቸክል ቆይቶ 12 ሰዓት ላይ ለራውንድ ዝግጅት የሚነሳ ተማሪ ከሰዓቱ ብዛት በተጨማሪ ይህንን የንጋቱን ክፍል ነው የሚያጣው። ያነበበው ሳይቀመጥለት፣ ያየው ሐዘንም ሳይበርድለት ይነጋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳይተኙ ካደረጉ በኋላ አእምሯቸውን በማግኔት ምርመራ አዩት። ፍርሃትና ቁጣን የሚቀሰቅሰው የአእምሮ ክፍል ለመጥፎ ምስሎች የሰጠው ምላሽ ከተኙት ሰዎች በ60 በመቶ በልጦ ተገኘ። ያንን ክፍል አደብ የሚያስይዘው የፊተኛው አእምሮ ደግሞ ግንኙነቱ ላልቶ ነበር። ያደረ ኢንተርን በሽተኛ ላይ ወይም አስታማሚ ላይ ሲጮህ ስታዩ ከማማረራችሁ በፊት ይህንን አስታውሱ። ጩኸቱ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም።

ከአውስትራሊያ የወጣ ሌላ የእ.ኤ.አ. 1997 ጥናት ደግሞ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው፣ 24 ሰዓት የቆየው ደግሞ 0.10 በመቶ እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። የመጀመሪያው መጠን በብዙ አገሮች መኪና ከማሽከርከር የሚያግድ ነው። መርፌ ከመውጋት ግን ማንንም አያግድም።

ለምን እቤቱም መጥቶ መተኛት አቃተው?

ይህ ነው እኔንም ያስጨነቀኝ ጥያቄ። የደከመ ሰው ጊዜና ምቹ አልጋ ካገኘ ሊተኛ ይገባዋል። የእህቴ ልጅ ግን ጊዜ፣ አልጋና የእናት ቤት አግኝቶም አልተኛም።

መልሱ እንቅልፍ ማጣትና ዝለት እርስ በርስ የሚመጋገቡ መሆናቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሰዎችን በጊዜ ሂደት ሲከታተል የዛሉት በኋላ እንቅልፍ የማጣት፣ እንቅልፍ ያጡትም በኋላ የመዛል ዕድላቸው ከፍ ብሎ አገኘው። ከስዊድን የወጣው የእ.ኤ.አ. 2012 ጥናት ደግሞ ሕክምና እስከሚያስፈልግ ድረስ የሚደርሰውን ዝለት ቀድመው የሚያመለክቱት ከሥራ ጫናው በተጨማሪ ከ6 ሰዓት በታች መተኛትና በዕረፍት ሰዓት ስለ ሥራ ማሰብ ናቸው ይላል። የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ሥራው ያለቀው ሰው ሥራው ከጭንቅላቱ ካልወጣ ሰውነቱ እንደ ዘብ ቆሞ ያድራል። የልብ ምቱ አይወርድም፤ ማታ መቀነስ የሚገባው የጭንቀት ሆርሞንም በአግባቡ አይቀንስም።

የስልኩን ነገርም የሚያስረዳ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ይህ ጥናት የተደረገው በሐኪሞች ላይ ሳይሆን በመርከብ መሐንዲሶች ላይ ነው። ማንቂያ ደወል ሊደወልላቸው የሚችል ተረኞች ገና ደወሉ ሳይጮህ፣ ይጮሃል ብለው ስለተኙ ብቻ፣ ጥልቅ እንቅልፋቸው ቀንሶ ተገኘ። ልጃችን ጉብሬ ላይ ሆኖ ስልኩ የሚጠራበት ለዚህ ነው። አካሉ እዚህ ይሁን እንጂ እንቅልፉ ገና ዲውቲ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ያለፍኩበት

ኢንተርን በነበርኩበት ዘመን፣ ሕፃናት ክፍል፣ ሥራ ላይ 28ኛ ሰዓቴ ገደማ ላይ ለአንድ ሕፃን የመድኃኒት ትዕዛዝ ጻፍኩ። መጠኑን በክብደቱ አስልቻለሁ፤ ስሌቱም ልክ ነበር። ስጽፈው ግን ነጥቧን አንድ ቦታ ገፋኋት። ዐሥር እጥፍ ሆነ። ወረቀቱን የተቀበለችኝ ነርስ አየት አደረገችውና «ዶክተር፣ ይሄ ለልጅ ነው ለበሬ?» አለችኝ። ስቄ አስተካከልኩት። ዓይኔ እያየ የጻፍኩት ነገር መሆኑ የገባኝ ግን ማታ ቤቴ ስደርስ ነው፤ ያን ቀንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ሲስተር አንቀላፍታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር።

በነጋታው ሞርኒንግ ላይ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ማን ይናገራል? የሐኪም ወግ የሚለው «እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» ነው።

ይህ ወግ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። ወጣት ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ እየኖረ ይሠልጥን የሚለውን ሥርዓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የነበሩት ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዊሊያም ሃልስተድ ናቸው። ዶክተር ሃልስተድ በኮኬይን ላይ ሙከራ ሲያደርጉ የሱሱ ተጠቂ ሆነው፣ በኋላም ከሞርፊን ጋር ሲታገሉ እንደኖሩ ታሪክ መዝግቦታል። ሌሊቱን ሙሉ አለመተኛት የጀግና ሐኪም ምልክት ነው የሚለው ባህል ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ያንን ባህል መጀመሪያ የነቀነቀችው እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ልዩነት የሞተችው የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን ናት። ሲያክሟት ያደሩት ብዙ በሽተኛ የያዙ ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ጉዳዩ ተድበስብሶ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የኒውዮርክ ግዛት የሠልጣኝ ሐኪሞችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ገደበ። መላው አሜሪካ በ2003 ተከተለ። በቀጣዩ ዓመት በቦስተን ከተማ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት እንደ ድሮው ከ24 ሰዓት በላይ የሚያድሩት ኢንተርኖች አጭር ፈረቃ ካላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት መሥራታቸውን አረጋገጠ።

ለሐቁ ስል ሌላውንም ወገን ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የወጡ ትልልቅ ጥናቶች የፈረቃ ገደቡ ጠበቀም ላላም በበሽተኞች ሞት ላይ ልዩነት አላገኙም። ፈረቃ ሲያጥር በሽተኛው ከእጅ ወደ እጅ ይበዛበታል፤ በርክክብ ላይ ደግሞ ወሬ ይጠፋል። ስለዚህ ርክክቡ ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። በአሜሪካና በካናዳ ዘጠኝ ሆስፒታሎች ርክክቡን በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲያደርጉት ስህተት በ23 በመቶ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት እ.ኤ.አ. 1964 ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ ግን 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ይዘው ተነሱ። ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባላት አገር ይህ መሆኑ ግድ ነበር። ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ባደገበት ፍጥነት አልጋ፣ መምህርና የዲውቲ ማረፊያ ክፍል አላደገም።

ስለ ተማሪዎቻችን እንቅልፍ በአገር ውስጥ ከተሠሩት ጥናቶች በደንብ የሚታወቀው በጎንደርና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት 2,551 ተማሪዎችን ጠይቆ 55.8 በመቶው የእንቅልፋቸው ጥራት መጥፎ መሆኑን አገኘ። ጥናቱ በሕክምና ተማሪዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጭንቀት፣ ድባቴና ከባድ ውጥረት ያለባቸው ተማሪዎች ግን በብዙ እጥፍ መጥፎ እንቅልፍ እንዳላቸው አሳይቷል። ከተመሳሳይ ሥራ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ደህና የሚተኙት ተማሪዎች በውጤታቸውም የተሻሉ መሆናቸውን ይናገራል። ለቸካዮች ይድረስልኝ!

ከተማሪነት ወደ ኢንተርንነት ሲታለፍ ደግሞ ጫናው ሌላ መልክ ይይዛል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት በተለያዩ ከተሞች ኢንተርኖችና ሐኪሞች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ አደባባይ መውጣታቸው ይታወሳል፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦትም የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጎልቶ የተሰማው የደመወዝና የክፍያ ጥያቄ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ያላደረ ሐኪምና ያደረ ሐኪም እኩል እንደማይሠሩ የሚናገረው ድምፅ በዚያ መካከል ተውጦ ቀረ።

ስለ ቡናና ስለ ጫት

ስለ ጉራጌ እየጻፉ ይህንን መዝለል አይቻልም። በቤታችን ቡና የሚፈላው ማለዳም፣ ከሰዓትም፣ ማታም ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ቀኑን ሙሉ በአእምሮ ውስጥ እየተጠራቀመ «ተኛ» የሚለውን ንጥረ ነገር መቀመጫ ይዞ ይከለክለዋል። ድካሙ አይጠፋም፤ ወሬው ብቻ ነው የሚታፈነው። የጠጣነው ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሳ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ አብሮት ነው።

ጫት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከቡታጅራ በወጣ ጥናት ከተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ ነበር። ብዙዎቹ ለጸሎት ሐሳብ ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ነው የተናገሩት። ተማሪውም «ለጥናት» ነው የሚለው። ቅሞ ያጠና ተማሪ ግን በአብዛኛው ሌሊቱን ያጣል። ማታ «ለመስበር» ብሎ አልኮል ከጨመረበት ደግሞ የተኛ ይመስላል እንጂ የንጋቱ እንቅልፍ ተቆራርጧል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የሕክምና ተማሪ መድኃኒት በእጁ መሆኑ ነው። ዳያዜፓምን ለራሱ ያዘዘ ጓደኛ የሌለው ሐኪም ቢኖር ዕድለኛ ነው።

ሕመሙ ለምን አይታይም?

እንደገና ወደ ቡታጅራ ልመለስ። ይህች ከተማ በአገራችን የአእምሮ ጤና ምርምር ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ካሳተሟቸው ጥናቶች አንዱ የአካባቢው ሰው የአእምሮ ሕመምን በምን እንደሚለይ የጠየቀ ነበር። ሰዉ በብዛት የጠቀሳቸው ምልክቶች ብዙ ማውራት፣ ኃይለኝነትና እንግዳ ባሕርይ ናቸው። ዝም ብሎ የሚጠወልግ ሰው በዚህ መለኪያ በሽተኛ አይባልም። ሰነፍ፣ ኩሩ ወይም ዓይን የበላው ይባላል። የእህቴ ልጅ በቤታችን የተሰጠው ስም በሙሉ ከዚህ ዝርዝር አይወጣም። ሐኪም ቤት ውስጥ ያለው ስምም ብዙ አይለይም፤ «ደካማ» ይሉታል።

ዝለትና ድባቴ ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዴም አብረው ይመጣሉ። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ የእ.ኤ.አ. 2016 ጽሑፍ ከሕክምና ተማሪዎች 27 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንዳላቸው፣ 11 በመቶ ያህሉም ራስን ስለ ማጥፋት አስበው እንደሚያውቁ ዘግቧል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከሥራው ሲርቅ ፊቱ ከተመለሰ ዝለት ሊሆን ይችላል። በበዓሉም፣ በእናቱም፣ ድሮ በሚወደው ነገርም የማይደሰት ከሆነ፣ «ባልኖር» የሚል ቃል ካወጣ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም አድርሱት። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች በተመላላሽ ይሰጣል።

ምን ይደረግ?

ዲውቲውን ተማሪው አያወጣም። ግን በእጁ ያሉ ነገሮች አሉ። ከማደሩ በፊት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል መተኛት፣ ሌሊቱን ከጓደኛ ጋር ተከፋፍሎ አንዱ ስልኩን ይዞ ሌላው ለሁለት ሰዓት ያለ ሐሳብ እንዲተኛ መስማማት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱም ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሚያንቀላፉ ይልቅ ማለቴ ነው። ሰውነት ከሁሉ በላይ የሚደክመው ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነውና በዚያ ሰዓት የተጻፈ የመድኃኒት መጠን ለሁለተኛ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ያደረ ሰው መኪናም ሆነ ሞተር አይንዳ። አሜሪካ ውስጥ ረጅም ዲውቲ ጨርሰው የሚወጡ ኢንተርኖች መንገድ ላይ የመጋጨት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ዕረፍት አግኝቶ እንቅልፍ እምቢ ላለው ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ኪኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተራዘመ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ ይሞከር ያለው ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክል ሕክምና ነው። ዋናው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማታ በማንኛውም ሰዓት ተኛ፣ ጠዋት ግን በአንድ ሰዓት ተነስ። አልጋው ላይ አታጥና፣ አትብላ፣ ስልክ አትነካካ። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቀህ ካልመጣ ተነሳና ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የማያጓጓ ነገር አድርግ፤ ሲያንገላጅጅህ ተመለስ። መጀመሪያ ሰሞን የሚያናድድ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን አልጋው እንደገና የመኝታ ቦታ ይሆናል።

ትምህርት ቤቶቹ ሊያደርጉት የሚችሉትም ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ብቻ አይደለም። ያደረ ተማሪን በነጋታው ከራውንድ በኋላ መልቀቅ፣ በር የሚዘጋ የማረፊያ ክፍል መስጠት፣ ርክክብን ማስተማር፣ ስህተቱን የተናገረን ተማሪ ፊት ለፊት አለማዋረድ። የመጨረሻው አንድ ብርም አይጠይቅም።

እነዚህን ነገሮች ለእህቴ ልጅ የነገርኩት በአራተኛው ቀን፣ ወልቂጤ መናኸሪያ እየሸኘሁት ነው። እናቱ ቆጮና ቅቤ አሸክማው ነበር። ከዲውቲ ጓደኛው ጋር ሌሊቱን ለመከፋፈል እንደሚሞክር፣ የክፍሉን ኃላፊ ግን ለማናገር እንደሚፈራ ነገረኝ። «እንዳይንቁኝ ነው» አለ። አብሬህ ልደውልላቸው ብለው እምቢ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ኃላፊውን አናግሯቸው ኖሯል። ምን አሉህ ስለው «እኔም ሦስተኛው አታችመንት ላይ ልተወው ነበር አሉኝ» አለ። ዲውቲው አልተቀነሰለትም። ካደረ በኋላ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ፈቅደውለታል። አሁን ስንት ሰዓት ትተኛለህ አልኩት።

«አምስት» አለኝ፤ «አንዳንዴ ስድስት። ስልኩ ግን አሁንም ይጠራል ጋሼ።»